ስኬል ምንድን ነው?

ደጀን እያለን የእናቴ በራድ ውስጡ ነጭ ነበር። ውሃ በተፈላበት ቁጥር ስስ ሽፋን ይጨምራል። ሲቆይ እየተላጠ ሻይ ውስጥ ይገባል። ሎሚ ሲጨመቅበት ቺስ ብሎ አረፋ ይደፍቅና ይለቃል። ስኬል ማለት ይኼ ቅርፊት ነው። ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ገደሉ ላይ ተደራርቦ የምታዩት የኖራ ድንጋይም ዘሩ አንድ ነው።

ከመሬት ስር በሚወጣ እንፋሎት መብራት የሚያመነጩ ጉድጓዶችንም የሚያንቃቸው እሱ ነው። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ጣቢያ የለንም። የአገራችን የመጀመሪያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ አሉቶ ላንጋኖ ነው፤ ሥራ የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1998። ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወርዱ ጉድጓዶች አሉት፤ ሙቀቱም ከ300 ዲግሪ የሚያልፍበት አለ።

የሚገርመኝ ነገር፣ እዚያ ታች ውሃው ያን ያህል ግሎም አይፈላም። ከላይ ያለው ግፊት አፍኖ ይይዘዋል። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ በድንገት ይፈላል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ጋዙ ያመልጣል። ውሃው ውስጥ ያለውን ኖራ አሟሙቶ የያዘው ደግሞ ያ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ጋዙ ሲሄድ ኖራው ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን ሆኖ ቧንቧው ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ የሚበረታው ውሃው መፍላት ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ በታች ቧንቧው ንጹህ ሊሆን ይችላል።

ጉሮሮው እንዲህ ሲጠብ ጉዳቱ ከሚታሰበው በላይ ነው። የቧንቧው ዲያሜትር በግማሽ ቢቀንስ መተላለፊያው ሩብ ብቻ ይቀራል። ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ጉድጓዱ የደከመ ይመስለዋል፤ ታች ያለው ሙቀት ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ በሽቦ የታሰረ ብረት ይለቀቅና የት ላይ እንደሚገታ ይታያል። ከዚያ በመቆፈሪያ ማሽን ይፈቀፈቃል ወይም በአሲድ ይታጠባል። የተሻለው ግን ቀድሞ መከላከል ነው፦ ቀጭን ቱቦ ከመፍያው ቦታ በታች ይወርድና ካልሳይት እንዳይጋገር የሚያደርግ ኬሚካል ጠብ ጠብ ይላል።

ሲሊካ የሚባለው ሌላው ቅርፊት ጠባዩ ለየት ይላል። እሱ የሚጋገረው ውሃው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስለዚህ የሚያስቸግረው ላይ ባሉት ቧንቧዎችና ውሃው ተመልሶ በሚገባባቸው ጉድጓዶች ነው። በሎሚም አይለቅም። ብርጭቆ የሚሠራው ከሲሊካ ነው፤ የሻይ ብርጭቆን ሎሚ ሲበላው አይታችሁ አታውቁም።