አይጧን ተሻላት ማለት ሰውን ተሻለው ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት አጎቴ በቴሌግራም አንድ ነገር ላኩልኝ። «ይህ ቅጠል ኩላሊትን እንደሚፈውስ በጥናት ተረጋገጠ!» ይላል። ወረድ ብዬ ሳነበው ጥናቱ የተሠራው በአይጥ ነው። የኩላሊት ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለምሠራ እንዲህ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ ሰለቸኝ።

ሰዎች ከሚሉኝና ከሚጠይቁኝ ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። «ኩላሊት እንደ ሻይ ማጥለያ ነው።» በቀን ወደ 180 ሊትር የሚያጣራ፣ ፖዶሳይት የሚባሉ ሕያው ሴሎች በእግሮቻቸው አቅፈው የያዙት ማጥለያ ካያችሁ አሳዩኝ። እነዚያ እግሮች ሲበላሹ ነው ፕሮቲን ወደ ሽንት የሚያፈሰው። «ዓሣ ስለ ሰው ኩላሊት ምን ያስተምራል?» ብዙ። የዜብራፊሽ ፅንስ በሁለት ቀኗ ማጣራት ትጀምራለች፣ ገላዋ ብርሃን ያሳልፋል፣ ማጣሪያዋ ሲበላሽ ማበጧ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ሴሉን ቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ማሳደግ ይበቃል።» አይበቃም። ደም በማይገፋበት ምን ይጣራል? ሳህን ላይ ያለ ፖዶሳይት እግሮቹን ጥሎ እንደ ተጠበሰ እንቁላል ተዘርግቶ ነው የሚተኛው።

አሁን ወደ አይጧ። ብዙ ጊዜ የምናሳምማት እኛው ነን። አድሪያማይሲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት ጅራቷ ላይ አንዴ እንወጋታለን፣ ከሳምንት በኋላ ሽንቷ በፕሮቲን ይሞላል። የአጎቴ ኩላሊት ግን የተጎዳው በመርፌ ሳይሆን በዓመታት የደም ግፊት ነው። ያውም ሁሉም አይጥ አይታመምም፦ ባልብ ሲ የሚባለው ነጭ ዘር ኩላሊቱ ሲበላሽ፣ ሲ 57 የሚባለው ጥቁሩ በዚያው መጠን እምብዛም አይነካውም። አይጥ ከአይጥ ካልተስማማ ከአጎቴ ጋር በምን ይስማማል? ደግሞ የቅጠል ጥናቶቹን አሠራር አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ቅጠሉ የሚሰጠው ኩላሊቱን ከሚጎዳው መርዝ በፊት ወይም አብሮ ነው። ያ መከላከል እንጂ ማዳን አይደለም።

አይጥ አትረባም አልወጣኝም። ሄይማን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ ባደረገው የአይጥ የኩላሊት በሽታ ነው የሰውነት መከላከያ የራሱን የኩላሊት ማጣሪያ እንዴት እንደሚያጠቃ ብዙ የተማርነው። ግን አይጧ ላይ የሚጠቃው ሜጋሊን የሚባል ፕሮቲን ነው። በተመሳሳዩ የሰው በሽታ ዋናው ዒላማ ሌላ ፕሮቲን ሆኖ የተገኘው በ2009 ነው። 50 ዓመት!

ስለዚህ መጀመሪያ «በሰው ተሞክሯል ወይ?» በሉ። ግፊታችሁን ተለኩ፣ ሽንታችሁን ለፕሮቲን አስመርምሩ፣ ክኒን ያለ ሐኪም አታቁሙ። ለአጎቴ ስደውልላቸው የግፊት ክኒናቸውን ካቆሙ ሦስት ሳምንታቸው። ለካ ቅጠሉን እየቀቀሉ ጠዋት ጠዋት ይጠጡ ነበር። በልመና ክኒኑን ጀምረዋል፤ የቅጠሉ ጆግ ግን አሁንም ፍሪጅ ውስጥ ነው።