ከአፍ የወጣ አፋፍ

ቤቴን የሚያድስልኝ ግንበኛ የበሩን መቃን ተደግፎ «በ15 ቀን አስረክብዎታለሁ፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ጋሼ!» አለኝ። ቃሌን አላጥፍም ማለቱ ነው። ዝም አልኩ፤ በሩ ገና ያልተገጠመለት ሰው ከግንበኛ ጋር አይጣላም።

ተረቱ ግን የጸጸት እንጂ የቃል ኪዳን አይደለም።

የአያቴ ቤት ዳባት ገጠር፣ አፋፍ ላይ ነበር። ከገደሉ ማዶ ያለን ሰው በእግር ለማግኘት ግማሽ ቀን ወርዶ መውጣት ስለሚጠይቅ፣ ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ እጆቹን አፉ ላይ ይገጥምና ስም እያስረዘመ ይጣራል። 8 ዓመት ሲሆነኝ ይመስለኛል፣ ቦራው በሬ ከዓይኔ ጠፋና «ገደል ገባ!» ብዬ ጮህኩ። ማዶው ሰማ፣ ለቆላው አቀበለ። በሬው ከቋጥኝ ጀርባ ተኝቶ ያመሰኳል! «አልገባም!» ብል ማን ይስማኝ፣ ነፋሱ ዞሯል። ነፍሱ ሳትወጣ አርደው ቅርጫ ሊካፈሉ ቢላዋቸውን የሳሉ ጎረቤቶች ከየአቅጣጫው ደረሱ። አያቴ ሥጋ ያማረውን ሁሉ በጠላ ስትሸኝ ዋለች። ተረቱን የነገረችኝ ያን ማታ ነው።

ብዙዎች ቃሉ ገደል ገባ ብለው ይፈቱታል። እኔ አፋፍ የመጣሪያው ቦታ ነው እላለሁ። ደግሞም «አፍ» የሰው ብቻ አይደለም። እንስራ አፍ አለው፣ ጠመንጃ አፈሙዝ አለው፣ ቤት ደጃፍ አለው፤ የደጅ አፍ ማለት ነው። እዚህ ጎንደር የፋሲል ግቢ 12 በሮች ካሉት አንዱ ፊት በር ይባላል። ቀላ ባለ ድንጋይ የተከፈፉትን ቅስቶች ፊት ለፊት ቆሞ ላየ ደግሞ ከንፈር ናቸው። ዳዊትም በመዝሙር 140 ለአፉ ጠባቂ፣ ለከንፈሩ መዝጊያ ይለምናል።

እንግዲህ ቃል ሦስት አፍ ያልፋል፦ የሰውን፣ የቤትን፣ የገደልን። ሁለቱ መዝጊያ አላቸው፤ አፋፍ የለውም። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ፣ ያለኝ «ደጃፍ» የምትለው ቃል ብቻ ናት። እኔን ትበቃኛለች።

ለመሐላ «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» የሚባል አለላችሁ። ያመለጠ ወሬ ማልቀሻውን ለፉከራ አታውሉብኝ። ግንበኛው 15 ቀን ካለኝ ዛሬ 40ኛ ቀኑ ነው፤ ደጃፌ በጆንያ ተጋርዷል።