የግዳጅ ዙር ምንድን ነው?

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣዮች በተጻፈ ቁጥር፣ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን «ሜምፊስ ቤል ዙሯን የጨረሰች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ናት» የሚለው ዐረፍተ ነገር አይጠፋም። አውሮፕላን ግን ዙር የላትም። የግዳጅ ዙር የሚቆጠረው በሰው ነው፤ አንድ የበረራ አባል ከውጊያ በረራ ከመሰናበቱ በፊት ሊፈጽመው የሚገባ የግዳጅ ብዛት ነው። እንግሊዝ አገር ሰፍሮ ይዋጋ በነበረው የአሜሪካ 8ኛው አየር ኃይል ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1943 25 ነበር፤ በ1944 መጀመሪያ ወደ 30፣ በኋላም ወደ 35 ከፍ ተደርጓል።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ሠራተኞቹ ከጨረሱ አውሮፕላኗም ጨርሳለች፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ሲል ይሞግታል። የከተማ አውቶቡስን ያስብ። ሹፌሩ ፈረቃውን ሲጨርስ ቁልፉን ለተረኛው ያስረክባል እንጂ አውቶቡሷ አብራው ቤቷ አትገባም፤ እሷ ጋራዥ በቆመችበት ቀን ደግሞ እሱ ሌላ ይዞ ይወጣል። ቲኬት ቆራጩ ቢታመም ሌላ ተተክቶ ጉዞው ይቀጥላል፤ ለታመመው ግን ያልሠራው ቀን አይቆጠርለትም። አሥር ሰው በሚሳፈርበት ቢ-17 ላይም የቆሰለ ወይም ጉንፋን የያዘው መትረየስ ተኳሽ በጓደኞቹ ይቀደምና ቀሪውን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ለመብረር ይገደዳል። ስለዚህ ዙሩ የቡድኑ እንኳ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ሰው ነው።

ሜምፊስ ቤልን ራሷን ብንወስድ፣ የአብራሪው የሮበርት ሞርጋን ቡድን 25ኛ ግዳጁን የፈጸመው ሜይ 17 ቀን 1943 በፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ በሎሪያን ላይ ነው። ቡድኑ አንዳንድ ግዳጆችን በሌሎች አውሮፕላኖች በርሮ ስለነበር የእሷ ቁጥር ከእነሱ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ 25ኛዋን የፈጸመችው ከሁለት ቀን በኋላ በጀርመኗ ኪል ላይ፣ በሌላ ቡድን እጅ ሆና ነው። ከዚህም በፊት፣ ሜይ 13፣ የ303ኛው ቦምብ ጣይ ክፍል ሄልስ ኤንጅልስ የተባለችው ቢ-17 25ኛ ግዳጇን ፈጽማ ነበር። ስለዚህ «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል የአውሮፕላን ቁጥር ሆኖ ሲቀርብ አይቆምም።

ቁጥሩ ለምን ያን ያህል ከበደ ለሚል፣ በየግዳጁ ከ100 አውሮፕላን 4 ሳይመለሱ ይቀራሉ ብለን ብናሰላ ከ25 ግዳጅ በኋላ የሚተርፈው 36 ገደማ ነው። ይህ ግን ስሌት ብቻ ነው፤ እውነተኛው ኪሳራ ከቀን ቀን እጅግ ይለያይ ነበር፤ ኦክቶበር 14 ቀን 1943 የጀርመኗን ከተማ ሽቫይንፉርትን ለመደብደብ ከተነሡት 291 ቢ-17ዎች 60ዎቹ አልተመለሱም። በአውሮፕላኗ አፍንጫ ላይ ለየግዳጁ የተሣሉትን ቦምቦች ቆጥሮ ዙር ማስላትም አያዋጣም፤ ሥዕሉ የአውሮፕላኗን ግዳጅ እንጂ የሰውን አይናገርም፤ ሞተሩ ተበላሽቶ የጠላት ክልል ሳይደርስ የተመለሰ በረራም በመደበኛው አሠራር አይቆጠርም ነበር። የአውስትራሊያ 460ኛ ስኳድሮን «ጂ ፎር ጆርጅ» የተባለው ላንካስተር ቦምብ ጣይ 90 ያህል ግዳጅ ሲበር የሠራተኞቹ ቡድን ደጋግሞ ተቀያይሯል፤ በእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ዕዝ የመጀመሪያው ዙር 30፣ ሁለተኛው 20 ነበርና አንድ ሰው ዘጠናውን ሁሉ አብሮት ይበር ነበር ማለት አይቻልም።

ዙር መጨረስ ከጦርነቱ መሰናበት ማለትም አይደለም፤ ሞርጋን ራሱ ኖቬምበር 24 ቀን 1944 ቢ-29 በተባለው ቦምብ ጣይ ሆኖ ቶኪዮን የደበደበውን ጓድ መርቷል።