ኃይለኛ የድሮ ስቴሪዮ ሪሲቨር ምንድን ነው?

ስቴሪዮ ሪሲቨር ሦስት መሣሪያዎችን በአንድ ሳጥን የያዘ የሙዚቃ ዕቃ ነው። የመጀመሪያው ቲዩነር ሲሆን የሬዲዮ ሞገድ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ምልክት ይለውጣል። ሁለተኛው ቅድመ አምፕሊፋየር ነው፤ የሚደመጠውን ምንጭ መምረጥ፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ጎርናናውንና ቀጭኑን ማመጣጠን የእሱ ሥራ ነው። ሦስተኛው የኃይል አምፕሊፋየሩ ነው፤ ደካማውን ምልክት ተቀብሎ የስፒከሩን ወረቀት ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋ ጉልበት ይሰጠዋል። ሦስቱን ለየብቻ ገዝቶ ማገናኘት ያኔም ይቻል ነበር፣ ዛሬም ይቻላል። ሪሲቨር የተሠራው ግን አንድ ዕቃ አስቀምጦ፣ ሁለት ስፒከር አያይዞ ሙዚቃ መስማት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ይህን ዕቃ ተፈላጊ ያደረገው የኤፍ ኤም ስቴሪዮ ሥርጭት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የስቴሪዮ ሥርጭትን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1961 አጸደቀ፤ በዚያው ዓመት ጁን ወር የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች ማሰራጨት ጀመሩ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ትራንዚስተር የቫኩም ቱቦን ቦታ እየያዘ መጣ። ትራንዚስተር ቦታ የማይፈጅ፣ ሙቀቱም የቀነሰ በመሆኑ ጠንካራ አምፕሊፋየርን ከቲዩነር ጋር በአንድ ሳጥን ማስቀመጥ ቀላል ሆነ። ፓዮነር፣ ሳንሱይ፣ ኬንዉድ፣ ያማሃና ቴክኒክስ የመሳሰሉት የጃፓን ስሞች በዓለም የታወቁት በእነዚህ ማሽኖች ጭምር ነው። በቬትናም ጦርነት ዘመን እስያ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ከጦር ሠፈር ሱቆች እየገዙ ወደ አገራቸው ይልኳቸው ነበር።

ያኔ በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የዋት ቁጥር የሚታመን አልነበረም። አንዱ አምራች ለቅጽበት ብቻ የሚገኘውን ከፍተኛ ኃይል ይጽፋል፤ ሌላው የሁለቱን ቻናሎች (የግራና የቀኝ ወገን) ይደምራል፤ ሦስተኛው ምን ያህል ድምፅ እየተበላሸ እንደለካ ሳይናገር ያልፋል። ይህን ያስቆመው የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው ደንብ ነው። ደንቡ ያልተቋረጠው ኃይል በየቻናሉ እንዲገለጽ፣ በስንት ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ በሚያሳየው መቋቋም)፣ በየትኛው የድምፅ ድግግሞሽ ክልልና በምን ያህል መዛባት እንደተለካም አብሮ እንዲጻፍ አስገደደ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ፓዮነር ኤስኤክስ 1250 ላይ የምናነበው መግለጫ የዚያ ደንብ ልጅ ነው፤ በየቻናሉ 160 ዋት፣ በ8 ኦም፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ መዛባቱ ከ0.1 በመቶ ያልበለጠ።

ቁጥሩ ሲታመን ፉክክሩ ጦፈ። ማራንዝ የተባለው አምራች 2325 ሞዴል 125 ዋት ነበረው፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ 2500 የተባለው 250 ዋት ይዞ መጣ። ፓዮነር እ.ኤ.አ. በ1978 ኤስኤክስ 1980ን በ270 ዋት አወጣ፤ ክብደቱ ወደ 35 ኪሎ ግራም ነው። ማራንዝ 2600 በ300 ዋት፣ ቴክኒክስ ኤስኤ 1000 ደግሞ በ330 ዋት ተከተሉ። ለዚህ ሁሉ ክብደት ደንቡ ራሱ አስተዋጽኦ አለው። አምፕሊፋየሩ ከመለካቱ በፊት በሙሉ ኃይሉ ሲሶ ላይ ለአንድ ሰዓት እንዲሠራ ይጠይቅ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት አምፕሊፋየሮች ደግሞ ብዙ ሙቀት የሚያወጡት በዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ሰፋፊ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ክንፎችና ከባድ ትራንስፎርመር የግድ ሆኑ። ኮሚሽኑ ይህን የማሞቂያ መስፈርት ያላላው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። 250 ዋት ለምን ይጠቅማል?

መካከለኛ ስፒከር በአንድ ዋት ብቻ፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ፣ 88 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ያህል ድምፅ ይሰጣል። ይህ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው በቂ፣ እንዲያውም ከፍ ያለ ነው። እንግዲያው በአብዛኛው ጊዜ ግዙፉ ማሽን የሚሰጠው ከአንድ ዋት ያነሰ ነው። ኃይልን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆነ እንዲመስለው ወደ 10 ዲሲቤል ያስፈልጋል፤ ይህም አሥር እጥፍ ኃይል ማለት ነው። ስለዚህ 125 ዋት ያለውን ሸጦ 250 ዋት የገዛ ሰው ከፍተኛው ድምፅ በእጥፍ ይጨምርልኛል ብሎ ከጠበቀ ያዝናል።

ጥቅሙ ያለው በቅጽበቶቹ ላይ ነው። በጥሩ ሁኔታ የተቀዳ ሙዚቃ ውስጥ የከበሮ ምት ወይም የፒያኖ ድንገተኛ ምታት ከሙዚቃው አማካይ መጠን በ15 ወይም በ20 ዲሲቤል ሊበልጥ ይችላል። 20 ዲሲቤል መቶ እጥፍ ኃይል ነው። አማካዩ አንድ ዋት ከሆነ ያ ምት፣ ከሰከንድ በጣም ትንሽ ክፍልፋይ ለሚሆን ጊዜ፣ መቶ ዋት ይጠይቃል። 20 ዋት ያለው አምፕሊፋየር ከአማካዩ በላይ ያለው ትርፍ 13 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ይቀራል። ጆሮ ይህን የሚሰማው እንደ ሻካራነት ነው፤ ከበሮው ይደርቃል፣ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ይጎረብጣል። የተቆረጠ ሞገድ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር አሙቆ ሊያቃጥለውም ይችላል። በቂ ትርፍ ያለው ሪሲቨር ግን ምቱን እንደተመታ ያሳልፈዋል። የኃይለኛ ሪሲቨር ደስታ ለእኔ ይህ ነው፤ ዝግ ባለ ድምፅ እየሰማችሁ እንኳን ሙዚቃው አይታፈንም።

በእኔ አስተያየት ግን ለመደበኛ ክፍልና በቀላሉ ለሚነዱ ስፒከሮች ከ40 እስከ 80 ዋት ያለው ጤነኛ ሪሲቨር ይበቃል። ሙቀቱ ያነሰ፣ ክፍሎቹ ጥቂት፣ ጥገናው የቀለለ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ያነሳዋል። ግዙፎቹ ዋጋቸውን የሚያሳዩት ክፍሉ ሰፊ፣ ስፒከሩም ብዙ ኃይል ጠያቂ ሲሆን ነው።

ከቁጥሩ ሌላ የእጅና የዓይን ደስታም አለ። ማብሪያው ሲጫን የጣቢያ ሠሌዳው ያበራል፤ ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጠብቆ ስፒከሮቹን የሚያገናኘው ሪሌይ ነው። ከጣቢያ ማዞሪያው ጀርባ ከባድ ጎማ ስላለ በጣት ገፋ አድርገው ሲለቁት ጠቋሚው በራሱ ይንሸራተታል፤ ማራንዝ ጎማውን አጋድሞ ጠርዙን በፊት ሠሌዳው ላይ ብቅ አድርጎታል። በብዙዎቹ ላይ ሁለት መርፌዎች አሉ፤ አንዱ የሞገዱን ጥንካሬ፣ ሌላው ጣቢያው ልክ መካከል ላይ መያዙን ያሳያል። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛው መሐል ላይ ሲቆም ጣቢያው ጥርት ብሎ ይሰማል።

ላውድነስ የሚለው ቁልፍ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይሠራበታል። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት የሰው ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ ጎርናናውን ክፍል ከሌላው ይበልጥ መስማት ያቅተዋል። ቁልፉ ያንን ጉድለት ይሞላል። ማታ ቤተሰብ ተኝቶ ዝቅ አድርጎ ለማዳመጥ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ድምፅ ከፍ ሲል መጥፋት አለበት።

ስልክ ወይም ዲጂታል ማጫወቻ የሚገናኘው በአውክስ ወይም በቴፕ መግቢያ ነው። ፎኖ የሚለው ለሸክላ ማጫወቻ ብቻ ነው፤ ጥቂት ሺኛ ቮልት ለሆነ ምልክት የተሠራ፣ ቤዙንም ሆን ብሎ የሚያሳድግ መግቢያ ስለሆነ ስልክ ቢሰካበት ድምፁ ይበጣጠሳል። ሌላም ነገር አለ። የዛሬ ማጫወቻዎች እስከ 2 ቮልት ይልካሉ፤ የድሮው አውክስ ግን በ0.15 ቮልት አካባቢ ሙሉ ኃይል ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የድምፅ ማዞሪያው ገና ሩብ ሳይሞላ ቤቱ ይናወጣል። ሻጮች ይህን የማሽኑ ጉልበት ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል፤ ስለ ጉልበቱ ምንም አይናገርም።

የድሮው ከዛሬው የተሻለ ድምፅ አለው ወይ? በመለኪያ ከሆነ የዛሬ ጥሩ አምፕሊፋየር ጫጫታውም መዛባቱም ያነሰ ነው። ብዙ ሰው «ሞቅ ያለ» የሚለው ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ ይልቅ ከስፒከሩ፣ ከክፍሉና ከቤዝ ማዞሪያው ነው የሚመጣው ብዬ አምናለሁ። የድሮውን የምወድበት ምክንያት ሌላ ነው። ክፍሎቹ ነጠላ ነጠላ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ንድፍ ታትሞ የወጣ ነው፤ እጁ የተፍታታ ባለሙያ የተበላሸውን ክፍል ለይቶ ይተካዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደገና ሊጠገን የሚችል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዛሬ ብርቅ ነው።

ለሽያጭ የቀረበን ማሽን «ይሠራል» ሲሉ ብዙ ጊዜ መብራቱ ይበራል ማለታቸው ነው። ሁሉንም ማዞሪያና ማብሪያ እያንቀሳቀሱ ማዳመጥ ያስፈልጋል። የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ቆሻሻ ወይም ዝገት ነው፤ በኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ፈሳሽ ይስተካከላል። አንዱ ወገን እየጠፋ የሚመለስ ከሆነ የማብሪያው ወይም የሪሌዩ መነካኪያ ተበልቶ ይሆናል። ድምፁን ዜሮ ላይ አድርገውትም የማይጠፋ እምም የሚል ጉምጉምታ ካለ ትልልቆቹ የኃይል ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ደክመው ይሆናል፤ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ይደርቃል።

ዋጋ ከመስማማት በፊት አንድ ፍተሻ ፈጽሞ መዘለል የለበትም። ስፒከር ሳይገናኝ፣ ድምፁ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በዲሲ ሚሊቮልት አድርጎ የየቻናሉን የስፒከር ጫፎች መለካት ነው። ከጥቂት ሚሊቮልት እስከ ጥቂት አሥሮች ቢያሳይ ጤናማ ነው። ከመቶ ካለፈ ባለሙያ ይየው። ቮልት ውስጥ ከገባ ስፒከር ማገናኘት ስፒከሩን መግደል ነው።

ለዓመታት ተዘግቶ የቆየውን ደግሞ በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት አደገኛ ነው። ባለሙያዎች የድሮውን ዓይነት ባለ ክር አምፖል ከማሽኑ ጋር በተከታታይ አያይዘው ያበሩታል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መልካም ነው፤ በርቶ ከቀረ ውስጡ ኮርቶ (የመስመሮች መነካካት) አለ። ክዳኑን መክፈት ለማያውቅ ሰው አልመክርም፤ ካፓሲተሮቹ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

ከተጠገነ በኋላ የሚፈልገው ጥቂት ነው። ላዩ ላይ ምንም አይደረደርበት፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ይውጣ። ሁለት ጥንድ ባለ 8 ኦም ስፒከሮች አንድ ላይ ከተከፈቱ ማሽኑ የሚያየው 4 ኦም ነው፤ ከዚያ በታች እንዳይወርድ የጀርባውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል።

የተሠራበት ገበያም ይታወቅ። ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት፣ ለጃፓን የተሠራው 100 ቮልት ነው፤ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። አንዳንዶቹ ከጀርባ የቮልት መምረጫ አላቸው፤ የሌለው ከማሽኑ ከፍተኛ ፍጆታ የሚበልጥ አቅም ያለው ማውረጃ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የጃፓን ገበያው ኤፍ ኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ስለሆነ በሌላ አገር አብዛኞቹን ጣቢያዎች አይዝም። የአሜሪካው ጣቢያዎቹን ሁሉ ይይዛል፤ ነገር ግን ጣቢያዎች አጉልተው የሚልኩትን ቀጭን ድምፅ መልሶ የሚቀንስበት መጠን ለ75 ማይክሮ ሰከንድ የተስተካከለ ነው፤ አብዛኛው ዓለም የሚያሰራጨው በ50 ነው። ስለዚህ ሬዲዮው ትንሽ ደብዘዝ ይላል። ባለሙያ በየቻናሉ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ለውጦ ያስተካክለዋል፤ ያ እስኪሆን ትሬብሉን (የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ) አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ይበቃል።