ዩሪያ ምንድን ነው? አፈር መልበስ ያለበትስ ለምንድን ነው?

ዩሪያ ነጭና ድቡልቡል ፍሬ ያለው፣ 46 በመቶው ናይትሮጅን የሆነ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ነው። ፎስፈረስም ሆነ ፖታሲየም የለውም። አንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ስለዚህ ለሄክታር 60 ኪሎ ናይትሮጅን ለሚያስፈልገው ማሳ 130 ኪሎ ገደማ ዩሪያ ይገባል። የናይትሮጅን እጥረት ቶሎ የሚለየው በበቆሎ ላይ ነው፦ የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ የመሃል ጅማቱን ተከትሎ ወደ አገዳው ቢጫ እየሆነ ይሄዳል።

ፍሬው እርጥብ አፈር ሲነካ ይሟሟል። ከዚያ በአፈርና በሰብል ቅሪት ውስጥ የሚገኝ ዩሪዬዝ የተባለ ኢንዛይም ሰብሉ ሊመገበው ወደሚችል የናይትሮጅን ዓይነት፣ ወደ አሞኒየም ይለውጠዋል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለውጡ ሲካሄድ ፍሬው ያረፈባት ጠባብ ቦታ ለጥቂት ቀናት አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ትሆናለች፤ ይህም አሞኒየሙን ወደ አሞኒያ ጋዝ ይቀይረዋል። ዩሪያው አፈር ውስጥ ከሆነ ጋዙን አፈሩ ይይዘዋል፤ ላይ ላይ ከቀረ ግን ከአየር ጋር ይሄዳል። ከሁሉም የከፋው ጤዛ ወይም ካፊያ ፍሬውን አሟሙቶት፣ ወደ ውስጥ ሳያሰርገው ፀሐይ ሲወጣበት ነው። ፍሬው ከዓይን ስለጠፋ ሰብሉ የተመገበው ይመስላል፤ ብዙ ናይትሮጅን ግን ተንኖ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጉልበት መጠየቁ ግን አይካድም። የበቆሎው ቁመት እስከ ሰው ጉልበት ሲደርስ ከአገዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ጠለቅ ያለ ፈር ማውጣት፣ ዩሪያውን መጨመርና በዚያው ቀን አፈር ማልበስ። ከሽልሻሎ (የበቆሎውን መሃል ለመሃል ከማረስ) ጋር ቢሆን ሥራው ይቀላል። መቅበር ካልተቻለ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚያጠጣ ዝናብ ወይም መስኖ ያሰርገዋል። ዶፍ ግን ጠርጎ ይወስደዋል፣ ወይም ሥር ወደማይደርስበት ጥልቀት ያወርደዋል፤ በአሸዋማ አፈር ላይ መጠኑን ለሁለት ከፍሎ መጨመር የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ከዘር ጋር አንድ ላይ አይቀበርም፣ አሞኒያው ቡቃያውን ይገድላል። በበቆሎ እምብርት (አዲስ ቅጠል በሚወጣበት መሃል) ውስጥ የወደቀ ፍሬ ቅጠሉን ያቃጥላል። ከአመድና ከኖራ ጋር መቀላቀልም ጋዙን ያፋጥነዋል።

በተለይ ከብት ባለበት ቤት ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ዩሪያ የላሰ ወይም የጆንያ እጣቢ የጠጣ ከብት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ባዶው ጆንያ የሚታጠበው ከመጠጫ ውሃ ርቆ ነው፤ እጣቢውም ከብት በማይደርስበት ቦታ ይደፋል።