ውርስ ትርጉም ምንድን ነው? “መጽሐፉ ላይ የለም” ለሚሉ

ሰሞኑን አንድ ሰው፣ ስሙን አልጠራም፣ ኔትፍሊክስ ከኮሎምቢያዊው ደራሲ ከጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ልብ ወለድ ከ“መቶ የብቸኝነት ዓመታት” የሠራውን ተከታታይ ድራማ አይቶ ፍርዱን በአንድ መስመር ዘጋው፦ “ይህ ውርስ ትርጉም አይባልም፤ መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር አለበት።” ሌላው ተከትሎ፣ “እኔን ደግሞ የሰለቸኝ ከመጽሐፉ ፈቀቅ አለማለቱ ነው” አለ። ሁለቱም መጽሐፉን አንብበዋል፤ ሁለቱም ያዩት በታኅሣሥ 2017 የወጡትን እነዚያኑ 8 ክፍሎች ነው። ሁለተኛውን እሺ፣ የስሜት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያውን ግን ማለፍ አቃተኝ። ቃሉን እንዲህ ሲያጣምሙት ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ዕድሜዬን የሬዲዮ ድራማ ስጽፍና የሰው ስክሪፕት ሳርም የፈጀሁ ሰው ስለሆንኩ እንጀራዬ ላይ የመጡብኝ ያህል ይሰማኛል።

ውርስ ትርጉም ማለት የሌላውን ሥራ ወስዶ ለሌላ አገር ወይም ለሌላ ዘርፍ አስማምቶ እንደ አዲስ መሥራት ነው። በእኛ አገር ቃሉን አዘውትረው የሚጠሩት የቲያትር ሰዎች ናቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን ወደ አማርኛ ሲመልሰው ልዑሉ የዴንማርክ ልዑል እንደሆነ ቀረ፤ ትርጉም ነው። መንግሥቱ ለማ ከእንግሊዛዊው ፕሪስትሊ ተውኔት ተነሥቶ “ጠያቂ”ን ሲሠራ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ ውርስ ነው። እኔ ልብ ወለድ ወደ ስክሪን ሲሄድም በዚሁ ቃል እጠቀማለሁ። ቋንቋው ያው ስፓንኛ ቢሆንም ከወረቀት ወደ ካሜራ መሻገር ከአገር አገር ከመሻገር አያንስም።

ቃሉ ራሱ ደግሞ ነገሩን ይናገራል። አባት ሲሞት ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንዱ ኑዛዜ አስፈጻሚው ነው፤ ወረቀቱን ዘርግቶ ማንኪያ ይቆጥራል፣ “ሦስት ጋቢ ይላል፣ ሦስት ጋቢ አለ” ይላል፣ ያስፈርማል፣ ይሄዳል። ሌላው ወራሹ ነው። ወራሹ ቤቱ ውስጥ ሊኖርበት ነው። ልጆች አሉት፣ መስኮቱ ጠቦታል፣ መደቡን አፍርሶ አልጋ ያስገባል። እህቱ ከክፍለ ሀገር መጥታ “ይሄ የአባታችን ቤት ነው?” ብላ ታለቅሳለች። ያ አስተያየት ሰጪ ከዳይሬክተሩ የሚጠብቀው ኑዛዜ አስፈጻሚነት ነው። ውርስ የሚለውን ቃል የጠራው ግን እሱ ራሱ ነው!

መጠየቅ ያለበት መደቡ ፈረሰ ወይስ አልፈረሰም አይደለም። ምሰሶው የቱ ነበር? እሱ ቆሟል? ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምሰሶው ታሪኩ ይመስለዋል። ማን ማንን አገባ፣ ማን ሞተ። ታሪኩ ማገር ነው፤ ለዚያውም ግማሹን አውጥተህ ቤቱ ሲቆም ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው። የዚህ መጽሐፍ ምሰሶ ተራኪው ነው። ማርኬዝ ያንን አነጋገር ከአያቱ እንዳገኘው ደጋግሞ ተናግሯል፤ እጅግ የሚያስደንቀውን ነገር ፊቷን ሳትቀይር የምታወራ ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አስታውሱ፤ ኮሎኔል አውሬሊያኖ ቡኤንዲያ ከብዙ ዓመታት በኋላ በረሻኞች ፊት ቆሞ፣ አባቱ በረዶ ሊያሳየው የወሰደውን ያንን የጥንት ከሰዓት በኋላ ያስታውሳል። ሦስት የተለያዩ ጊዜያት በአንድ ትንፋሽ። ካሜራ ይህን አይችልም። ካሜራ የሚያውቀው ጊዜ አንድ ነው፤ አሁን። ልጁን በረዶውን ሲነካ ካሳየህ አሁን ነው፤ ረሻኞቹን ካሳየህ ያም አሁን ነው። “ከብዙ ዓመታት በኋላ” የሚለውን የሚሸከም ሥዕል የለም።

ሠሪዎቹ ምን አደረጉ? ተራኪውን በድምፅ አስገቡ፤ ታሪኩን ግን ከመጽሐፉ ይልቅ በጊዜ ቅደም ተከተል አስተካክለው ዘረጉት። የተመልካቹ መከፈል ከዚህ ነው የሚጀምረው። ግማሹ “ተመስገን፣ አሁን ገባኝ” አለ። ሌላው ድምፁ የምናየውን መልሶ ይነግረናል ብሎ ተማረረ። ለኔ ሁለተኛው ወገን ይቀርበኛል። ሬዲዮ ላይ ተራኪ ዓይንህ ነው፤ ስክሪን ላይ ግን ዓይንህ እያየ ተራኪው ከተናገረ ከሁለቱ አንዱ ትርፍ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ጉድለት መጽሐፉን በመካድ የመጣ አይደለም፤ መጽሐፉን አልለቅም በማለት የመጣ ነው።

ስሞቹን እንውሰድ። መጽሐፉ ውስጥ አውሬሊያኖና ሆሴ አርካዲዮ የሚሉት ስሞች ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳሉ፤ ኮሎኔሉ ብቻውን አውሬሊያኖ የሚባሉ 17 ልጆች አሉት። አንባቢ ይደናገራል፣ ወደ ኋላ ገልጦ የዘር ሐረጉን ያያል፣ ይሳደባል። ስክሪን ላይ ይህ ችግር የለም፤ አንዱ ጺማም ነው፣ አንዱ ግዙፍ ነው፣ መልካቸው አይምታታም። “ከመጽሐፉ ይሻላል፣ ግልጽ ነው” ያሉት ያመሰገኑት ይህንን ነው። ነገር ግን መደናገሩ የመጽሐፉ ስህተት አልነበረም። ያ ቤተሰብ ያንኑ ዕጣ እየደጋገመ የሚኖር ነው፤ አንባቢው “ይሄ የቱ ነበር?” ባለ ቁጥር ድግግሞሹን በራሱ ጭንቅላት ይቀምሰዋል። እዚህ ላይ “መጽሐፉ ላይ የለም” ብሎ የጮኸ አላየሁም። ትልቁ ለውጥ ይህ ሆኖ ሳለ ማንም አላስተዋለውም፤ ምክንያቱም ለዚህ ሲባል አንድም ትዕይንት አልተጨመረም፣ አንድም አልተቀነሰም። ማንኪያው ልክ ነው።

ደሙንም ተመልከቱ። ሆሴ አርካዲዮ ሲሞት ደሙ ከበሩ ወጥቶ፣ መንገድ አቋርጦ፣ ምንጣፍ እንዳያበላሽ በግድግዳው ጥግ ጥጉን እየታከከ እናቱ ኡርሱላ 36 እንቁላል ልትሰብር ወደምትሰናዳበት ማድ ቤት ይደርሳል። እኛን የሚያሳምነን ደሙ አይደለም። የምንጣፉ ይሉኝታና 36ቱ እንቁላል ናቸው። አያትየዋ ናት በዚያ ውስጥ የምትናገረው። ቁጥር ግን በፊልም አይታይም፤ እንቁላል በቅርጫት ነው የሚታየው። ይሉኝታም አይታይም፤ ደም ሲፈስ ነው የሚታየው። ስለዚህ ይህን ክፍል ለስክሪን የሚጽፍ ሰው ቃል በቃል ከሠራው የተረት ደም ሳይሆን የልዩ ቴክኒክ ደም ይዞ ይቀራል። ሌላ ነገር መፈለግ አለበት፤ መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር።

ወራሽ ደግሞ ዕዳም ይወርሳል፤ ይህን ኑዛዜ አስፈጻሚው ወንድማችን ረስቶታል። ሬሜዲዮስ ሞስኮቴን አውሬሊያኖ ሲወዳት መጽሐፉ ዘጠኝ ዓመቷ ነው ይላል። ወረቀት ላይ ዘጠኝ ቃል ነው፤ ዓይን አልፎት ይሄዳል፣ ያለፈውም አንባቢ ብዙ ነው። ስክሪን ላይ ዘጠኝ ፊት ነው። አንዲት ልጅ እዚያ መቆም አለባት፣ ካሜራውም ሊያያት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 ቦነስ አይረስ ሲታተም ደራሲው ያልከፈለውን ዕዳ ዛሬ የሚከፍለው ዳይሬክተሩ ነው። (ምሳሌው እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል። በፍትሐ ብሔር ወራሽ ከወረሰው በላይ ዕዳ አይጠየቅም፤ ፊልም ሠሪ ግን ይጠየቃል።)

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ አንብቦ ነገ ልብ ወለድ አንሥቶ ስክሪፕት መጻፍ የሚጀምር ልጅ አይጠፋም። ውርስ ያለ ወራሽነት ማስረጃ የለም። በእኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ወደ ሌላ ዘርፍ መቀየር የደራሲው መብት ነው፤ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ማርኬዝ በሕይወቱ የዚህን መጽሐፍ የፊልም መብት አልሸጥም እንዳለ በፈረንጅ በ2014 አረፈ። አንድ ወይም ሁለት ፊልም አይችለውም፣ በስፓንኛ ካልሆነም አይሆንም ባይ ነበር። ፈቃዱን በፈረንጅ በ2019 የሰጡት ቤተሰቡ ናቸው፤ በስፓንኛ፣ እዚያው ኮሎምቢያ እንዲቀረጽ ተስማምተው። “ደራሲው ቢያይ ይናደድ ነበር” ለሚለው፦ ሊሆን ይችላል። እሱን ግን ከልጆቹ ጋር ተነጋገሩ።

በዚህ ላይ የትኛው መጽሐፍ? አብዛኞቻችን ያነበብነው ግሪጎሪ ራባሳ በፈረንጅ በ1970 ያወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ጥሩ እንግሊዝኛ ነው፣ ግን የራባሳ ነው። በእንግሊዝኛ አንብቦ፣ ስፓንኛውን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተከታተለ አይቶ “ቃሉ ተዛብቷል” የሚል ሰው ሁለት ተርጓሚዎችን እያጣላ መሆኑን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ከራባሳም በፊት ግን አንድ ሌላ መጽሐፍ አለ፤ በራሳችን ጭንቅላት የቀረጽነው። ለእኛ ይህ ግልጽ ሊሆን ይገባ ነበር፣ ምክንያቱም “ፍቅር እስከ መቃብር” አለን። ስንቶቻችን ነን የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ መጀመሪያ ያወቅነው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ? ጉዱ ካሳን ሳስብ የሚመጣልኝ ድምፅ ነው፤ ያም ድምፅ ወጋየሁ ነው። በ1958 የታተመው ገጽ ላይ ደግሞ ድምፅ የለም። ወጋየሁ ቃሉን አልቀየረም፤ ግን የት እንደሚተነፍስ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጣ ምን ያህል እንደሚያስቅ የወሰነው እሱ ነው። ያ ውርስ ነው፤ እኛ ግን “መጽሐፉ” እንለዋለን። እነዚያን ሰዎች በስክሪን ሊጫወት የሚነሣ ተዋናይ ሁሉ የሚወዳደረው ከሐዲስ ጋር ሳይሆን ከዚያ ድምፅ ጋር ነው። አልቀናበትም።

የተወደደ ጭማሪ ደግሞ ጭማሪነቱ ይረሳል። ቢቢሲ በፈረንጅ በ1995 የጄን ኦስተንን ልብ ወለድ “ኩራትና ጭፍን ጥላቻ”ን በ6 ክፍል ሲሠራ ስክሪፕት ጸሐፊው አንድሩ ዴቪስ የታሪኩን አፍቃሪ ሚስተር ዳርሲን ሐይቅ ውስጥ ጨመረው፤ ሰውዬው ሸሚዙ እንደረጠበ የሚወዳትን ኤልዛቤትን ይገናኛል። ኦስተን በፈረንጅ በ1813 ባሳተመችው መጽሐፍ ሁለቱ በድንገት መገናኘታቸው አለ፤ ውኃ ግን የለም። በፈረንጅ በ2013 ለንደን ሃይድ ፓርክ ሐይቅ ውስጥ 12 ጫማ የሚሆን የዳርሲ ሐውልት ሲያቆሙ ያቆሙት በዚያች በሌለች ትዕይንት ነው። መጽሐፉ ላይ የለም ብሎ የሚያፈርስ አልመጣም።

እኔም አንድ ጊዜ አንድ የታወቀ ልብ ወለድ ለሬዲዮ ሳዘጋጅ፣ መጽሐፉ በሁለት ገጽ ሐሳብ የሚያልፈውን የአንዲት ባልቴት ኀዘን በምንም ድምፅ ላወጣው ስላልቻልኩ ቡና እያፈላች ለሦስተኛው ሲኒ “ይሄ የሱ ነበር” የምትል መስመር ሰጠኋት። ከወራት በኋላ በአንድ ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ የዚያ ድራማ አዘጋጅ መሆኔን ሲሰሙ ተቆጡኝ፤ መጽሐፉን አበላሽታችሁታል፣ የጨመራችሁት በዛ አሉ። የትኛው ነው ያልወደዱት ብዬ ጠየቅኳቸው። የወደዱትን ነገሩኝ። “ደራሲው እኮ ያችን ሦስተኛዋን ሲኒ ብቻ ጽፎ ቢያቆም ይበቃው ነበር” አሉ። አላረምኳቸውም።