የሰርፍ ሰሌዳ መቅረጫ ማቆሚያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። የሰርፍ ሰሌዳ በእጃቸው መቅረጽ የጀመሩ ወዳጆቼ ስለ ማቆሚያው ሳነሳባቸው የሚመልሱልኝ ይህንኑ ነው። ሙያው ካለ ምን ላይ ቢሠሩት ምን ለውጥ አለው ይላሉ። ግን የዘመመ ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት መደፋቱ አይቀርም።

ለማያውቀው ልንገረው። የሰርፍ ሰሌዳ ማዕበል ላይ ቆመው የሚጋልቡበት ነው። ሥራው የሚጀምረው ብላንክ ከሚባል ትልቅ የፎም ቁራጭ ነው። በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ ይወጣለታል፣ ከዚያ በፋይበርግላስ ጨርቅና ሬዚን በሚባል፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ይለበጣል። እዚህ ሳን ዲዬጎ፣ ካሊፎርኒያ፣ ብዙዎቻችን ብላንኩ የሚቀመጥበትን ማቆሚያ ጋራዣችን ውስጥ ራሳችን እንሠራዋለን። እንጨት፣ ሁለት ባልዲ፣ ሲሚንቶ፣ አሮጌ ምንጣፍ፤ በቃ። ርካሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ ማንም ጊዜ አይሰጠውም። በእሱ ዙሪያ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«የአናጺ ጠረጴዛ ካለኝ ይበቃኛል»

አይበቃም። ጠረጴዛው ጠፍጣፋ ነው፣ ሰሌዳው ደግሞ አፍንጫውና ጭራው ወደ ላይ የጎበጠ። በሆዱ ስታስተኙት ይወዛወዛል። ስትገለብጡት በሁለት ጫፉ ብቻ ይቆማል። ጠርዙን ከታች በኩል ልሥራ ስትሉ ጠረጴዛው ራሱ ይከለክላችኋል። መላጊያው ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሳይቆም መሄድ አለበት፣ እናንተም አብራችሁት ትራመዳላችሁ፣ ስለዚህ ዙሪያው ነጻ መሆን አለበት። የሚያስፈልገው ተለያይተው የሚቆሙ ሁለት እግሮች ናቸው። ለ6 ጫማ ሰሌዳ በመካከላቸው አንድ ሜትር ገደማ ይበቃል፣ ለረጅም ሰሌዳ ራቅ ታደርጓቸዋላችሁ።

«በሞርሳ ካልታሰረ ይንሸራተታል»

ይህ ከእንጨት ሥራ የመጣ ልማድ ነው። ጥንት በሃዋይ ሰሌዳ የሚጠረበው ከኮዋ እና ከዊሊዊሊ ዛፍ ነበር፣ እንጨት ደግሞ በሞርሳ ቢጨበጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሰሌዳ ሠሪዎቹ ሆቢ አልተር እና ጎርደን ክላርክ ካሊፎርኒያ ውስጥ የፖሊዩረቴን ፎም ሰሌዳ ካስፋፉ ወዲህ ግን እጃችን ላይ ያለው በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ነገር ነው።

የመጀመሪያ ሰሌዳዬን ጨርቅ ደርቤ በሞርሳ አሰርኩት። ማታ ሠርቼ ጠዋት ስፈታው ሁለት የሳንቲም ስፋት ያላቸው ጉድጓዶች ጀርባው ላይ ቁጭ ብለዋል። እነሱን ለማጥፋት ጀርባውን ሙሉ ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ፣ ምክንያቱም ፎም ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። ሰሌዳው ሳስቶ ቀረ። እስካሁን ይቆጨኛል።

እውነቱ፣ ሰሌዳውን የሚይዘው የራሱ ክብደትና የምንጣፉ ሸካራነት ነው። የምትገፉት በርዝመቱ ስለሆነ አይሸሽም። ለጠርዝ ሥራ ደግሞ የእግሮቹን ራስ እንደ ባላ ሁለት ክንድ ታወጡለታላችሁ። ሰሌዳው ሲተኛ ክንዶቹ ጫፍ ላይ ያርፋል፣ በጎኑ ስታቆሙት በክንዶቹ መሀል ገብቶ አንዱን ተደግፎ ይቆማል። ኮምፔርሳቶ ቆርጦ ይህን ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

«መሬት ላይ በብሎን ካልተመታ ይነቃነቃል»

ኮንክሪት የሞላ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ወደ 48 ኪሎ ይመዝናል። ማን ይነቀንቀዋል? ቋሚውን ባልዲው መሀል አቁሙት፣ በውሃ ልክ አስተካክሉት፣ በጣውላ ደግፉት፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠሩን ሙሉ፣ ከዚያ ጥቂት ቀን አትንኩት። የሁለቱ ቁመት እኩል መሆኑን ከመድረቁ በፊት እዩ።

«ትክክለኛው ቁመት 1 ሜትር ነው»

የማን ቁመት? እኔ አጭር ነኝ፣ ጎረቤቴ ከእኔ በራስ ይበልጣል። ሲሚንቶ ከማፍሰሳችሁ በፊት ብላንኩን ካርቶን ደራርባችሁ ላዩ ላይ አስቀምጡት፣ መላጊያውን ሳታበሩ ይዛችሁ አሥር ደቂቃ ወዲያ ወዲህ በሉ። ወገባችሁ ከጎበጠ ዝቅ ብሏል፣ ትከሻችሁ ከተነሳ ከፍ ብሏል። ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ሰሌዳው በጎኑ ሲቆም ስፋቱ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ያህሉ፣ ወደ ላይ ይወጣል። ክንዶቹ አጭር ከሆኑ የምትሠሩት ደረታችሁ ጋ ነው። ክንዶቹን ረዘም፣ መሀላቸውን ጠለቅ አድርጉት።

«ምንጣፉ በወፈረ ቁጥር ይሻላል»

ወፍራም ስፖንጅ ላይ ሰሌዳው ይዋልላል፣ መላጊያውም አብሮ ይዘላል። ጠንከር ያለ ስስ ፎም፣ ላዩ ላይ አጭር ጸጉር ያለው ምንጣፍ፤ ይበቃል። ሁልጊዜ ከመጀመራችሁ በፊት ምንጣፉን በእጃችሁ ዳብሱት። አንዲት የደረቀች የሬዚን ፍንጣሪ ብላንኩን ትወጋዋለች።

«ዋናው ከላይ ደማቅ መብራት ነው»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፣ ሰው ሳምንት ለፍቶ ሰሌዳውን ፀሐይ ላይ ሲያወጣው ያላያቸው እብጠቶች ይታዩታልና። ብርሃን ከላይ ሲወርድ ጥላ አይኖርም። ነጭ ፎም በነጭ ብርሃን ውስጥ ሁሉም ለስላሳ ይመስላል።

ረጃጅም የፍሎረሰንት አምፖሎችን በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ፣ ከሰሌዳው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አግድም ስቀሉ። ግድግዳውን ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ቀቡት። የጣሪያውን አጥፉት። አሁን ብርሃኑ ሰሌዳውን ታክኮ ያልፋል፣ እያንዳንዷ ጉብታ ከኋላዋ ጥላ ትጥላለች። መላጊያው ያለፈበት መስመር እንደ ትልም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በእርሳስ አክብቡት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለፍ አለፍ በሉት፣ ገልብጡት፣ እንደገና እዩት። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሁለቱን ጠርዞች በሁለት መዳፍ አብራችሁ ዳብሱ። ዓይን ያለፈውን እጅ ያገኘዋል። ለዚህ ነው የማቆሚያው ቁመትና የመብራቱ ቁመት አንድ ላይ የሚወሰኑት። አንዱን ስትቀይሩ ሌላውም ይቀየራል።

«ፎም ነው፣ አቧራው አይጎዳም»

ይጎዳል። ደቃቅ ነው፣ ሳንባ ይገባል። አፍና አፍንጫ ላይ በደንብ የሚገጥም የአቧራ ማጣሪያ ማስክ አድርጉ። የሬዚን ሽታ ግን በአቧራ ማስክ አይመለስም፣ የጋዝ ማጣሪያ ያለው ይፈልጋል።

«አንድ ማቆሚያ ለሁሉም ይሆናል»

አይሆንም፣ እዚህ ላይ እባካችሁ አትቆጥቡ። ሬዚን ሲፈስ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ይደርቃል፣ ቅድም ያልኳት ፍንጣሪ የምትመጣው ከዚያ ነው። ለልባጡ ሌላ ጥንድ ሥሩ፣ ራሱ ጠባብ የሆነ፣ ምንም ምንጣፍ የሌለው፣ ጨርቁን በጠርዙ ዞራችሁ ወደ ሆዱ ስታጥፉት እጃችሁን የማይከለክል። ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉት። ሬዚን ሲጠራቀምበት ልጣችሁ ትጥሉታላችሁ፣ አዲስ ትጠቀልሉበታላችሁ።